በጋሜ ላይ የታሰረች ነጭ ቢራቢሮ

ሪባን የሚጀምረው ከተልባ ነው ብል ማን ያምነኛል? ግን እውነቴን ነው። አክስቴ ተልባውን ትቀቅላለች፤ ውሃው እንደ እንቁላል ነጭ ሲያሟልጭ በቀጭን ጨርቅ ታጠልለዋለች፤ ከዚያ ቁራጭ ጨርቆቿን አንድ በአንድ እየነከረች በጓሮው ገመድ ላይ ታሰጣቸዋለች። ሊደርቁ ጥቂት ሲቀራቸው በከሰል ካውያ ትተኩሳቸዋለች። ያኔ ያ ልፍስፍስ ሻሽ እንደ ብራና ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቤቱ ግን ተልባ ተልባ ይሸታል። ዛሬም ተልባ በሚቆላበት ደጅ ሳልፍ ጣቶቼ መርፌ ያምራቸዋል።

ያንን ጊዜ እወደዋለሁ። አሁን አሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ ያኔ ግን ገና አሥር ዓመቴ ነበር፤ ከወገራ ወደ ጎንደር ከተማ ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም ነበር። አባቴ የገጠር ቄስ ናቸው። አክስቴ የእሳቸው ታናሽ እህት ናት፤ ከቀሐ ወንዝ በላይ ባለች አንዲት ትንሽ ቤት ብቻዋን ትኖራለች፤ ልጅ የላትም። እሷ ናት አባቴን ለምና፣ ተማጥና፣ «ልጅቱን ስጡኝና ተማሪ ቤት ላስገባት» ብላ ያመጣችኝ። እናቴ ግን ልቧ አልወደደውም። እናም አባቴ ሁለቱንም ሊያስታርቁ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ፦ «እስከ ፋሲካ ትሞክረው። ከፋሲካ በኋላ እመጣለሁ፤ አያለሁ። ያየሁት ደስ ካላለኝ ይዣት እመለሳለሁ።»

እኔ ደግሞ መመለስ አልፈለግሁም። እናቴን ስለጠላሁ እንዳይመስላችሁ፤ እናቴ በሕልሜ ሁሉ ትመጣብኝ ነበር። ግን ፊደሉን ገና ጨርሼ ንባቡ ላይ መድረሴ ነበር። ፒያሳ ስሄድ ከሱቆቹ በላይ የተጻፈውን እያነበብኩ አክስቴን አደነቁራት ነበር። «ልብስ ስፌት! ዳቦ ቤት! ይሄ ደግሞ…» ስላት፣ «ዝም በይ፣ ሰው ያየናል» ትለኛለች፤ ትንሽ ሄድ ብላ ደግሞ ቀስ ብላ፣ «ያኛውስ ምን ይላል?» ትለኛለች።

ተማሪ ቤት ያስቸገረኝ ራሴ ነበር። ከወገራ የመጣሁት ጋሜዬን ይዤ ነው፤ መሃል አናቴ በምላጭ የተላጨ፣ ዙሪያው ደግሞ ጸጉር የቀረበት። እኛ ዘንድ ሴት ልጅ እንደዚያ ናት፤ ከዚያ ውጪ ያለውን አላውቅም ነበር። የከተማ ልጆች ግን ጸጉራቸው ሙሉ ነው፤ በሹሩባቸው ላይ ሪባን ያስራሉ፤ ቢራቢሮ ይሉታል፤ ሁለት ክንፍ፣ ሁለት ጭራ ያለው። አንዲቱ በመጀመሪያው ቀን ራሴን ዞራ ዞራ አይታ፣

«ራስሽ ላይ አውድማ አለ እንዴ?» አለችኝ።

«አዎ፤ ገብስሽን ይዘሽ ነይ» አልኳት። ከዚያ በኋላ ጓደኛዬ ሆነች።

ከፋሲካ በኋላ፣ በበዓለ ሃምሳ፣ አስተማሪያችን የወላጆች ቀን ሊሆን ነው አለችን። ልጃገረዶች መዝሙር ይዘምራሉ። እኔን ለፊት ሰልፍ መረጠችኝ፤ «የካህን ልጅ ድምፅ ነው ያለሽ» ብላ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። «ከፊት የምትቆሙ ሁላችሁም ነጭ ሪባን አናታችሁ ላይ ታደርጋላችሁ። ሪባን የሌላት ከኋላ ትቆማለች» አለች።

ሮጬ ቤት ገባሁ። አክስቴ ነገሩን ስትሰማ አላዘነችም፤ ዓይኗ ነው የበራው።

«አባትሽ የሚያምኑት ያዩትን ነው» አለችኝ። «ከረዣዥሞቹ ጀርባ ቆመሽ ካላዩሽ፣ ‹ከኋላ ለመቆም ከሆነ የእኛ ቤትም ኋላ አለው› ብለው ይዘውሽ ነው የሚሄዱት። ከፊት መቆም አለብሽ።»

ሪባን መቋጠር ያስተማራት ሰው የለም። ፒያሳ አንድ ሱቅ ውስጥ በሪባን የታሰረ የከረሜላ ሳጥን አይታ፣ ባለሱቁን «ልፍታውና መልሼ ልሰረው» ብላ ለምናው ነው የተማረችው። ሰውዬው ስቆ ሰጣት። ፈታችው፤ መልሳ ማሰር ግን አቃታት። ደንበኛ ሁሉ ቆሞ እያያት ስትፈታ ስትቋጥር ቆይታ በመጨረሻ የሳጥኑ ሪባን ከመጀመሪያውም አምሮ ወጣ። እሷ እንደምትለው ነው እንግዲህ።

አርጅቶ ቡላ በሆነ የአቡጀዲ ቁራጭ ተለማመድን። መጀመሪያ ጠርዙን በቀጭን ክር መዘምዘም፤ ካልተዘመዘመ ክሩ እየተመዘዘ ጢም ያወጣል። ከዚያ ጨርቁን ወደ መሃል አጥፎ ወገቡን በመርፌ ሰብስቦ መወጠር፤ ከዚያ በጠባብ ቁራጭ ወገቡን ማሰር። የእኔ የመጀመሪያው አንድ ክንፉ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ሆነ። «ይቺ በረራ ከጀመረች ዙሪያውን ነው የምትዞረው» ብላ አክስቴ ሳቀችብኝ። ግን አልጣለችውም፤ አስተካክላ ግድግዳው ላይ ሰካችው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በበሩ ስትገባ እግራችንን ዘርግተን፣ መርፌያችንን በከንፈራችን ይዘን እንቀመጥ ነበር። እንደዚያ ያለ ዝምታ ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም።

ችግሩ ማሰሩ ላይ ነው። የተላጨ አናት ላይ ሪባን በምን ይያዛል? ከኋላ ካለው ጸጉር ጋር ስታስረው እንደ በግ ላት ማጅራቴ ላይ ተንጠለጠለ። ከጎን ስታደርገው ጆሮዬን ሸፈነው። በመጨረሻ ከግራና ከቀኝ ጆሮዬ በላይ አንዳንድ ቀጭን ሹሩባ ሠርታ፣ ሁለቱን ወደ ላይ ስባ፣ በተላጨው አናቴ ላይ እንደ ድልድይ አገናኘቻቸው። ሪባኑን ድልድዩ ላይ በክር ሰፋችው።

«አትነቅነቂ! ጆሮሽን ነው የምሰፋው!»

በመስታወት አየሁት። ቆሟል! ነጭ ቢራቢሮ በአውድማዬ መሃል አርፋለች። ለበዓሉ የተሠራችው ከአክስቴ ከራሷ ሻሽ ላይ ደህና ሆኖ ከቀረው ቁራጭ ነው፤ ለሪባን የሚሆን ሌላ ነጭ ጨርቅ ቤት ውስጥ አልነበረም።

አባቴ በበዓሉ ዋዜማ በቅሎአቸውን እየሳቡ ደረሱ። መስቀላቸውን ተሳለምኩ፤ ግንባሬን ሳሙኝ። እናቴ አንድ ቅል ሙሉ ለጋ ቅቤ ልካለች። ስለ መመለስም ስለ መቅረትም አንድ ነገር አልተናገሩም፤ እራታቸውን በልተው፣ ጸሎታቸውን አድርሰው ተኙ።

ጠዋት አክስቴ ቢራቢሮዋን ድልድዬ ላይ ሰፍታ ጨርሳ ውሃ ልትቀዳ ወጣች። አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቁጭ ብዬ ጠበቅኋቸው። ቆመው አዩኝ። አናቴን አዩ። ፊታቸው ልውጥ አለ።

«ነይ ልጄ፣ ነይ» አሉኝ፤ ድምፃቸው እንደ አስታማሚ ነበር። ቀረብኳቸው። ቅሉን ከፈቱ፤ በጣታቸው አንድ ጉርሻ የሚያህል ቅቤ አወጡ፤ ሪባኑን እንደ መጽሐፍ ማኅደር ቀስ አድርገው ቀና አደረጉና፣ ሥሩን ላለማየት ፊታቸውን ዞር አድርገው ቅቤውን ከሥሩ፣ የተላጨው አናቴ ላይ አኖሩት። ሪባኑን መልሰው ከደኑት። «እግዚአብሔር ይማርሽ» አሉ።

እኔ ምን ልበል? አባት ቅቤ ሲቀባ ራስ አይሸሽም። ቅቤው ቀለጠ። ተልባውንም ካውያውንም ሳይል ወደ ሻሹ ሲወጣ ይሰማኝ ነበር። አክስቴ እንስራዋን አዝላ ስትገባ ቢራቢሮዋ ዝናብ እንደመታት ዶሮ ክንፏን ጥላ ነበር፤ ቢጫ ሆናለች።

«አያ! ምነው፣ ምን አደረጉ?»

«እኔ ነኝ ምን አደረጉ የምባል?» አባቴ ተቆጡ። «ልጅቱ ራሷን ተፈንክታ ለእኔ አይነገርም? በጨርቅ አስራችሁ ደበቃችሁኝ! ቁስሏን ቅቤ እንኳ የቀባላት የለም! ዛሬውኑ ነው ይዣት የምሄደው።»

አክስቴ እንስራዋን ሳታወርድ ግድግዳውን ይዛ ሳቀች። ሳቋ ቶሎ ወደ ለቅሶ ዞረ።

«ቁስል አይደለም እኮ፣ አያ። ጌጥ ነው። ሪባን ነው።»

«ጌጥ?» አባቴ ጎንበስ ብለው አዩ። «ይሄ?»

«ቅቤው ሳይነካው ሸጋ ነበር።»

ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ሰልፉን፣ ነጩን፣ ከፊትና ከኋላ መቆሙን። እሳቸው ጣታቸው ላይ የቀረውን ቅቤ እያሹ ሰሙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይቺ ጨርቅ ከሌለች ምን ይመጣል?»

«ከኋላ እቆማለሁ፤ አያዩኝም።»

«ድምፅሽን እሰማዋለሁ።»

«የሁላችንም አንድ ላይ ስለሆነ አይለዩትም፣ አባ።»

አክስቴ ዓይኗን ከእሳቸው ራስ ላይ አልነቀለችም። ጥምጥማቸው ለመንገዱ የታጠበ፣ ነጭ፣ እንደ ደመና የተቆለለ ነበር።

«እምቢ» አሉ አባቴ።

«ገና ምንም አላልኩም።»

«ዓይንሽ ብሏል።»

ከተማሪ ቤቱ በኩል ደወል ተሰማ። አባቴ ወደ ደወሉ አዩ፤ ወደ እኔ አዩ። ከዚያ እጃቸውን አንስተው ጥምጥሙን መፍታት ጀመሩ። ሲፈቱት፣ ሲፈቱት አያልቅም። «ከውስጠኛው ጫፍ» አሉ፤ «ከማይታየው በኩል።» አክስቴ በጥርሷ ነክሳ ስትቀደው ጨርቁ ጠጠጠ ሲል አባቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ለተልባ ጊዜ አልነበረም። ጨርቁን ደጋግማ አጥፋ በውፍረቱ እንዲቆም አደረገችው። ለመዘምዘም እኔ አንዱን ጠርዝ ያዝኩ፣ እሷ ሌላውን። አናቴ ላይ ያለውን ቅቤ ለማድረቅ ደግሞ በሶ ነሰነሰችብኝና እስኪያቃጥለኝ ፈተገችኝ፤ አዲሷንም ቢራቢሮ ድልድዬ ላይ ሰፋቻት።

አባቴ የቀረውን ጥምጥም እየጠመጠሙ፣ «ቅቤና በሶ! ጭብጦ ሆነሻል እኮ፤ የጎደለሽ ጨው ብቻ ነው» አሉ። ከመጡ ጀምሮ ሲስቁ ያኔ ነው የሰማኋቸው።

ሮጥን። ሰልፉ ሊዘጋ ሲል ደረስኩ። አስተማሪዬ አናቴን አየች፤ ዱቄቱን በእጇ መዳፍ ጠረገችና ከፊት አቆመችኝ። ፀሐዩ ወጥቶ ነበር። የቀረው ቅቤ በግንባሬ በኩል ቁልቁል መንገድ ጀመረ፤ አፍንጫዬ ጫፍ ላይ ቆመ። ዝንብ መጣ። እጄን ማንሳት አልችልም፤ እየዘመርን ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ጮክ ብዬ ዘመርኩ። ስከፍተው አባቴ በወላጆቹ መሃል ቆመው ነበር፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። አጠገባቸው ላለው ሰው በጣታቸው አሳዩኝ። ምን እንዳሉት ግን ከአፋቸው አነበብኩት፦ «ያቺ የምትወዛው የእኔ ናት።»

ከበዓሉ በኋላ በቅሎዋን ጭነው ከአጥሩ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የእኔ ጓዝ አልተጫነም ነበር። ግን መጠየቅ ፈራሁ፤ አክስቴም ነጠላዋን ትነካካለች እንጂ አልጠየቀችም።

«ከልምምዱ የተረፈ ጨርቅ አለሽ?» አሉኝ አባቴ።

ከኪሴ የአቡጀዲ ቁራጭ አወጣሁ።

«እንዴት እንደሚቋጠር አሳይኝ።»

«ለምን፣ አባ?»

«እናትሽ ‹ልጄን የት ጥለሃት መጣህ?› ስትለኝ በአፍ ብነግራት ታምነኛለች? ‹ጋሜዋ ላይ ቢራቢሮ አርፋለች› ብላት ቄሱ አበደ ነው የምትል። በእጄ ሠርቼ ላሳያት።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አጠፍኩ፣ ወገቡን ሰበሰብኩ፣ ቋጠርኩ። እሳቸው ሞከሩ። ብራና የሚገልጡ ጣቶች ናቸው፤ ለጨርቅ አልለመዱም። መጀመሪያ አንድ ክንፍ ብቻ ወጣ። ቀጥሎ ጭራው ክንፍ ሆነ። «ይሄ ከዜማ ምልክት ይብሳል» እያሉ ፈቱት። አክስቴ ከኋላቸው ቆማ፣ «በቀኝ በኩል፣ አያ፤ አይ፣ በሌላው ቀኝ!» ትላለች። በመጨረሻ ጎበጥ ያለች አንዲት ቢራቢሮ ወጣች። መዳፋቸው ላይ አድርገው ወደ ፀሐይ አነሷት።

«ይኸው» አሉ። «አሁን ሂጂ ልብስሽን እጠቢ። ነገ ተማሪ ነሽ። እናትሽን ለመስከረም ይዣት እመጣለሁ፤ ራሷ ትይሽ።»

መስቀላቸውን ተሳለምኩ። በቅሎዋን እየሳቡ ወደ ወገራ መንገድ ወጡ። እኔና አክስቴ ከአጥሩ ላይ ሆነን አየናቸው። ጥቂት ሄድ ብለው ልጓሙን በክንዳቸው አንጠለጠሉና ያቺን ቁራጭ ጨርቅ ፈቷት። አክስቴ «ወይኔ፣ አሁን ይረሱታል!» አለች። እሳቸው ግን አቀርቅረው እየተራመዱ መልሰው ቋጠሩ፤ አዩዋት፤ ደግሞ ፈቱ። መንገዱ ታጥፎ እስኪሰውራቸው ድረስ እንደዚያው ነበሩ፤ ሲፈቱ፣ ሲቋጥሩ።