ዘጠና አንድ ዲግሪ

መምህር ወሰኔ አሰብ ከመጣ ሦስት ዓመት ሆነው። ሦስቱንም ዓመት ዝውውር ጠየቀ፤ ሦስቱንም ጊዜ «በሚቀጥለው ዓመት ይታያል» ተባለ። በቃ፣ ሰለቸው። ሸሚዙ ገና ሲለብሰው ጀርባው ላይ ይለጠፋል፤ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ጠመኔው በላቡ ይርሳል። ዕድሜው አርባ ሁለት ነው፤ ድካሙ ግን የሰባ ዓመት ሽማግሌ ድካም ነው።

ከደብረ ብርሃን ሲዛወር እንደ ዓይኑ ብሌን ጠብቆ ያመጣው አንድ ቴርሞሜትር ነበር። በገዛ ደመወዙ ገዝቶ በጥጥ ጠቅልሎ የሚያስቀምጠው፣ ደግሞም ዋሾ እያለ ስሙን ሲያጠፋ የኖረው ቴርሞሜትር። እዚያ ዐሥራ አንድ ዓመት ሳይንስ ሲያስተምር፣ የፈላ ውሃ ውስጥ በከተተው ቁጥር ዘጠና አንድ ላይ ቀጥ ይላል። መጽሐፉ መቶ ይላል። ከመጽሐፍና ከመሣሪያ ማን ይታመን ቢባል ወሰኔ አንድ ቀን እንኳ አላመነታም። «ይቺ ዕቃ ዘጠኝ ትዋሻለች፤ እናንተ መቶ ብላችሁ ጻፉ» ይላል። ተማሪውም ይጽፋል።

አሰብ ላይ ሁለት ዓመት ሒሳብ ሲያስተምር ቆይቶ፣ በ1963 ወደ ሳይንስ መለሱት። ሰባተኛ ክፍል ስለ መፍላት ሲማር ያንኑ ማስጠንቀቂያ ሰጠ። ፎርኔሎው ተለኮሰ፤ ውሃው ተንተከተከ። ለማንበብ የተጠራችው የባለሱቁ የጀላሉ ልጅ ሳፊያ ነበረች።

«መቶ» አለች።

«ደግመሽ እዪ።»

«መቶ ነው ቲቸር። ዘጠኝ ልጨምርበት?»

ክፍሉ ሳቀ። ወሰኔ ጎንበስ ብሎ ራሱ አየ። ውሃውን ደፍቶ ሌላ አፈላ። አሁንም መቶ ነው። 

ከሥራ ሲወጣ ጎረቤቱን ሀብቴን ጠየቀው። ሀብቴ የነዳጅ ማጣሪያው ቦይለር ጠባቂ ስለሆነ ከፈላ ውሃ ጋር ነው የሚውለው።

«አየር ክብደት አለው እኮ» አለው ሀብቴ። «እዚህ ባሕሩ ዳር ውሃውን በሙሉ ክብደቱ ይጫነዋል፤ መቶ ሳይደርስ እንዲፈላ አይለቀውም። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ጫናው ይቀላል፣ ውሃው ቀድሞ ይፈላል። ፈላ ማለት እኩል ሞቀ ማለት አይደለም። ዕቃህ ደህና ናት።»

ሚስቱ ዓባይነሽ ይህን ሰምታ «እዚህ የባቄላ ንፍሮ ቶሎ ይበስላል ስልህ፣ የአገሩ ሙቀት ነው አላልከኝም?» አለችው። ወሰኔ መጽሐፉን አውጥቶ ያንን ገጽ ፈለገ። «በባሕር ወለል ላይ» ይላል። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንብቦታል። ባሕር አይቶ ስለማያውቅ፣ እሱን የማይመለከት ነገር ነው ብሎ ይዘለው ነበር።

ያን ጊዜ ማንጠግቦሽ ትዝ አለችው።

በ1957 ስምንተኛ ክፍል ያስተማራት ልጅ ናት። መቶ ብለሽ ጻፊ ቢላት «እኔ ያየሁት ዘጠና አንድ ነው» ብላ እምቢ አለች። ወሰኔ ተናደደ፤ ወደ ክፍሉ ዞሮ «እስቲ እናንተ ስንት ታያላችሁ?» አለ። አርባ ልጅ በአንድ ድምፅ «መቶ» አለ። «አየሽ? ዓይንሽን ታከሚ» አላትና አንበረከካት፤ ዜሮም ሰጣት። በዓመቱ መጨረሻ በሁለት ነጥብ ወደቀች። አባቷም ሴት ልጅ አንድ ክፍል ሁለት ጊዜ አላስተምርም ብለው ዳሯት። ወሰኔ ያኔ የእጇን አገኘች ብሎ ነበር።

ሁለት ደብዳቤ ጻፈ። አንዱ ለደብረ ብርሃኑ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነውና ነጥቧ ይታረምላት፣ የስምንተኛ ክፍል ፈተናውንም እንድትቀመጥ ይፈቀድላት ይላል። ሌላው በትምህርት ቤቱ በኩል ለራሷ ነው። እሱን አራት ጊዜ ቀዶ በአምስተኛው ላከው። ከዚያ የዝውውሩን ነገር እንኳ ረስቶ ፖስታ ቤት ይመላለስ ጀመር።

መልሱ በሁለት ወሩ መጣ። ዳይሬክተሩ የቆየ ነጥብ አይነካም፣ ፈተናውን ግን በግል መቀመጥ ትችላለች ብሏል። የማንጠግቦሽም ወረቀት አብሮ ነበር። ወሰኔ እዚያው ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ አነበበው።

«ቲቸር፣ ደብዳቤዎ ደርሶኛል። አርባ ሰው ያላየውን ካየሁ በእውነትም ዓይኔ ታሟል ብዬ አምኜ ነበር። ጥልፍ እችል ነበር፣ ተውኩት። ገበያ ስወጣ ሚዛን የምታይልኝ ጎረቤቴ ናት። ብቻዬን የሄድኩ ቀን የጎደለ ቢመስለኝም ከዓይኔ ነው ብዬ ከፍዬ እመለሳለሁ። ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። ፈተናውን ተቀመጪ ይሉኛል፤ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ አንዷ ገና ትጠባለች፣ አልችልም።»

ይቅር ብዬዎታለሁ የሚል ቃል ፈልጎ ወረቀቱን ገለበጠው። የለም። በጀርባው ያለው ይህ ብቻ ነበር።

«ቅዳሜ ግን ለብቻዬ ገበያ ወጣሁ። ነጋዴውን ሚዛንህ ጎድሏል አልኩት። ሰው ተሰብስቦ አየ። ጎድሎ ነበር።»