ለሦስት ሰው የሚሆን ጀልባ

ዳኘው ከጅጋ በታች፣ በብር ወንዝ ዳር የሚኖር ገበሬ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ የማይለዩት ሁለት ወዳጆች ነበሩት፤ ቸኮለና ተስፋው። አዝመራ ተሰብስቦ ውሃው ሲጠራ ሦስቱም መንጠቋቸውን ይዘው ወንዙ ተኝቶ ጥልቅ ከሚሆንበት፣ ሾላ ባሕር ከሚሉት ስፍራ ይውሉ ነበር። ቸኮለ ግዙፍና ዝምተኛ ነው፤ አምባዛ ሲይዝ እንኳ ፊቱ አይለወጥም። ተስፋው ደግሞ አሣ ከማጥመድ ይልቅ ማውራት ይቀናዋል። ውሃ ስለሚፈራ ከዳር ርቆ ተቀምጦ ያቅራራል፤ አሣውን አስደነገጥክብን ብለው ሲቆጡት ይባስ ድምፁን ከፍ ያደርጋል።

ትልልቁ አሣ ያለው ግን ማዶ፣ ከገደሉ ሥር፣ መንጠቋቸው ከማይደርስበት ጥላ ውስጥ ነበር። እዚያ የሚያደርስ ጀልባ ቢኖረን እያሉ ዓመት በዓመት ያወሩ ነበር። ማን ከፊት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚቀዝፍ ሳይቀር ተነጋግረው ጨርሰዋል። ተስፋው፣ መካከል ላይ አስቀምጣችሁ የጀልባውን ግራና ቀኝ ጠርዝ ካስያዛችሁኝ እኔም እገባለሁ ብሏቸው ነበር።

ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ ሲቀመጥ ቸኮለና ተስፋው ከአርበኞች ጋር ወደ ዓባይ በረሃ ወረዱ። ዳኘውም ሊከተላቸው ተነሥቶ ነበር፤ ነገር ግን ፈረስ ጥሎት ከተሰበረ ወዲህ እግሩ አቀበት አይወጣም። ቸኮለ እጁን ትከሻው ላይ ጭኖ ቤታችንን ጠብቅልን አለውና ሄዱ። ዳኘው ከዚያ በኋላ ወደ ሾላ ባሕር መውረድ አስጠላው። እርሻውን ያርሳል፤ የእነሱንም ማሳ ያርሳል፤ ማታ በሩ ላይ ተቀምጦ ወደ ቆላው ያያል። ዝናብ በመጣ ቁጥር የት ተጠልለው ይሆን ይላል።

አንድ የገበያ ቀን ጅጋ ላይ ወሬ ሰማ። ቡሬ ውስጥ እጅጉ የሚባል አናጢ አሮጌ ጀልባዎች ይሸጣል አሉ። ጣሊያን ድልድይ ሲያሠራ ሰውና ዕቃ ለማሻገር አምጥቷቸው፣ ድልድዩ ሲያልቅ ለአናጢው የተተዉ ናቸው። ዳኘው ያን ዕለት የመጣበትን ጨው ሳይገዛ ተመለሰ።

ሚስቱ ንግሥቴ ነገሩን ስትሰማ ደነገጠች። በዚህ ዘመን ሰው ጠመንጃ ይፈልጋል እንጂ ጀልባ ምን ይሆናል አለችው።

«ሲመጡ እንዲያገኙት ነው» አላት ዳኘው።

ንግሥቴ ከዚያ በኋላ አልተከራከረችም። ለልዋጩ የምትሄደውን ጊደር ራሷ ፈትታ አመጣችለት።

እጅጉ ግቢ ውስጥ ሦስት ጀልባዎች ተደፍተው ነበር። ሦስቱም ሆዳቸው እንደ ገበታ ጠፍጣፋ ነው። አንደኛው በቆርቆሮ የተለበደ፣ ቀለም የተቀባ፣ ከሩቅ የሚያብረቀርቅ ነው። ዳኘው በጣቱ ቆረቆረው፤ ከቀለሙ ሥር ዝገቱ እንደ ቅርፊት ተነሣ። ሁለተኛው ትንሽና ቀላል ነው፤ ሳንቃውን በቢላዋ ጫፍ ቢወጋው ጠንካራ፣ ውሃ ቢያፈስበት አንዲት ጠብታ አያሳልፍም። ሦስተኛው ሰፋ ያለ፣ ፀሐይ ያነጣው፣ አንድ ሳንቃው በሌላ እንጨት የተለወጠ ነው። ውሃ ሲሞሉት ከአንዱ ጥግ ይንጠባጠባል።

እጅጉ ቅን ሰው ነበርና ትንሹን ውሰድ ሲል መከረው። ዳኘው ትንሹ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ ከፊቱ ካለው ሳንቃ ጋር ተጋጨ። ወጣና ወደሚያፈሰው ሄደ። ከኋላ ተቀምጦ ወደ ፊት ተመለከተ። ቸኮለን ከፊት አስቀመጠው፤ ሰፊ ጀርባው ታየው። ተስፋውን መካከል አስቀመጠው፤ ግራና ቀኙን ጨምድዶ የያዘባቸው እጆቹ ታዩት። ከዚያ መነሣት አቃተው።

እጅጉ አጠገቡ ቆሞ ጠበቀው። ለብቻህ ከሆነ ይህ ይከብድሃል አለው። ዳኘው ለብቻዬ አይደለም፣ ጓደኞች አሉኝ ሲል መለሰ።

«የት ናቸው ታዲያ ጓደኞችህ?»

በዚያን ጊዜ ቡሬ ላይ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ እውነቱን መመለስ ሰው ያሰቅል ነበር።

«ማር ቆረጣ ወርደዋል፣ አያ እጅጉ። ንቡ አልበተን ብሎ ነው የዘገዩት።»

እጅጉ ቀና ብሎ ከምሽጉ ላይ የሚውለበለበውን ባንዲራ አየ፤ ከዚያም ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ።

«ክፉ ንብ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እኔም የምኖረው ከቀፎው ሥር ነው። እንግዲያው ሰፊውን ውሰድ፤ የሚያፈሰውን እደፍንልሃለሁ።»

ሬንጅ አቅልጦ፣ ቃጫ ጠቅጥቆ ሲደፍንለት ዋለ። ለዚህ ሥራው ምንም አልተቀበለም።

ጀልባውን ዳኘውና ሊያግዙት የመጡ ጎረቤቶቹ ደፍተው በትከሻቸው ተሸከሙት። ማንኩሳ ሲደርሱ መንገድ ዳር የነበሩ ሴቶች ከሩቅ አይተው ሬሳ መስሏቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ማልቀስ ጀመሩ። አንዲት አሮጊት ቀርባ ማንን ነው የያዛችሁት ብላ ጠየቀች። ዳኘው የሞተ የለም፣ ጀልባ ነው አላት። አሮጊቷ እንጨቱን ዳሰሰችው፤ ልቅሶዋን ግን አላቆመችም። የእሷም ልጅ ወደ በረሃ ከወረደ ቆይቷል።

ጀልባው ሾላ ባሕር ላይ ሲንሳፈፍ ሌላ ችግር መጣ። ለሦስት የተሠራ ስለሆነ ዳኘው ብቻውን ከኋላ ሲቀመጥ አፍንጫው ወደ ሰማይ ይነሣል፤ ነፋስም እንደፈለገ ያዞረዋል። ስለዚህ ከፊት አንድ ትልቅ ድንጋይ፣ ከመካከል አንድ አነስ ያለ አኖረ። እንዲህ ሆኖ ማዶ ከጥላው ሥር ደረሰ። ትልልቅ አሣም ያዘ። ቤት ሲመለስ ንግሥቴ ደስ አለህ ወይ ስትለው፣ የምነግረው ሰው አጠገቤ የለም ብሎ መንጠቆውን ሰቀለ።

ጣሊያን በሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በዐቢይ ጾም ከቡሬ ለቀቀ። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ቸኮለ ጠጉሩ ጎፍሮ፣ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ በመንደሩ መንገድ መጣ። ዳኘው እያነከሰ ሮጦ አቀፈው። ከዚያ በትከሻው ላይ አሻግሮ ከኋላው ያለውን መንገድ አየ።

«አትጠብቀው» አለ ቸኮለ።

ተስፋው በጥይት አልነበረም የሞተው። ዓባይ በረሃ ውስጥ ንዳድ ይዞት፣ ከአንድ ዋንዛ ሥር ተቀብሯል። የተስፋው ልቅሶ ካበቃ በኋላ ዳኘው ቸኮለን ይዞ ወደ ወንዙ ወረደ። ቸኮለ ጀልባውን ዞሮ ዞሮ አየው፤ ከፊት ያለውን ድንጋይ አንሥቶ ወደ ዳር ጣለና ተቀመጠ። የመካከሉን አልነካውም። ያን ቀን ያጠመዱትን ይዘው ወደ ተስፋው ሚስት፣ ወደ እህተ ማርያም ቤት ሄዱ።

እህተ ማርያም አሣውን ተቀበለች። ጥቁር ልብሷን ሰበሰበችና፣ እሱ ሁልጊዜ ያወራልኝ የነበረውን ማዶ አሳዩኝ አለቻቸው።

በማግሥቱ ወሰዷት። ዳኘው የመካከሉን ድንጋይ አውጥቶ ነጠላውን አጥፎ አነጠፈላት። እሷም ውሃ ትፈራ ኖሯል፤ ግራና ቀኙን ጨምድዳ ያዘች። የመቅዘፊያው ድምፅ ብቻ ይሰማል። ከገደሉ ሥር ሲደርሱ ጥላው ቀዘቀዘባቸው። እህተ ማርያም ዙሪያዋን አየች።

«እሱ ሲያወራው ከዚህ ይሰፋ ነበር» አለች።

ዳኘውም አዎ፣ እኛም እንደዚያ ነበር የሚመስለን አላት። መቅዘፊያውን አቆመና አይታ እስክትጠግብ ድረስ እዚያው ቆዩ።