በየካቲት የተተከለ ችካል

ባለፈው ሳምንት ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ፣ ጊንጪን አለፍ እንዳልን በአውቶቡሱ መስኮት ደረቅ ጨፌ ላይ የቤት መሥሪያ ችካል የሚተክሉ ወጣት ቀያሾች አየሁ። ወሩ የካቲት ነው። ደሜ ፈላ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» እስኪሉኝ ድረስ ጥርሴን ነክሼ ነበር።

ጨፌ ከጉብታ ሥር ያለ፣ በክረምት ውሃ የሚተኛበት መስክ ነው። በእኛ አገር የድሮ ቤቶችን ልብ ብላችሁ እዩ፤ ሁሉም ጉብታ ላይ ናቸው፣ ጨፌው ለከብት ይተዋል። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ከእጃጂ ወደ ጌዶ በሚወስደው መንገድ ባለች ትንሽ ከተማ ቀያሽ ሆኜ ስቀጠር ይህን አውቅ ነበር። ግን ናቅሁት።

ለቤት ቦታዎች ቅየሳ በየካቲት ወጣን፤ በክረምት መኪና አይገባማ! ሳሩ ገርጥቶ፣ ጨፌው እንደ ኳስ ሜዳ ተንጣሎ ጠበቀን። ኦቦ ቶሎሳ የሚባሉ የጉብታው ሽማግሌ የገብስ ቆሎ ይዘውልን ወረዱ።

«ኢልመኮ፣ ልጄ» አሉኝ፣ «እኛ የቤት ቦታ የምንመርጠው በነሐሴ ነው። ሦስት ቀን ዘንቦ ሲያባራ ወጥተን እንረግጠዋለን። እግር ከሰጠመ ጎጆ አይቆምም። በበጋማ ሁሉም መሬት ደግ ነው።»

አለቃዬ ሳቀ። «አባቴ፣ እኛ መሣሪያ አለን።» እኔም አብሬው ሳቅሁ። ቆሏቸውን እየቆረጠምኩ ሳቅሁባቸው!

ከቦታዎቹ አንዱ በዚያችው ከተማ ለምታስተምረው ታላቅ እህቴ፣ ለአልማዝ፣ በዕጣ ደረሳት። «ቦታው ደህና ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ የሽማግሌው ቃል ገና ከጆሮዬ አልወጣም። «እኔ ራሴ የለካሁት ነው» አልኳት። አመነችኝ። እስከ ክረምቱ መግቢያ ጭቃ ስታስመርግ፣ ቆርቆሮ ስታስመታ ከረመች።

በነሐሴ ከጉብታዎቹ የወረደው ውሃ ጨፌው ላይ ተኛ። ስደርስ ግድግዳዋ ተንዷል። አልማዝ ልጇን አዝላ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳ፣ ጉብታው ላይ በኦቦ ቶሎሳ ቤት በር ቆማለች። ሽማግሌው ሰላምታዬን መልሰው ልጇን ከጀርባዋ ተቀበሏት። አለቃዬ «ያልተለመደ ዝናብ» ብሎ ሪፖርት ጻፈ፤ እኔም ፈረምኩ። ውሸታሞች! በየዓመቱ የሚዘንበው ዝናብ ነበር።

አለቃዬን ዛሬም ስረግመው እውላለሁ፤ የሰሞኑን ቀያሾችም በልቤ ስሰድባቸው ነው የመጣሁት። አልማዝ እስከ አሁን በኪራይ ቤት ነው ያለችው። ቤትሽ ምን ሆነ ሲሏት «ያልተለመደ ዝናብ ነው የጣለው» ትላለች፤ ካላመኗት ደግሞ፣ «ወንድሜ እኮ ባለሙያ ነው፣ ራሱ ፈርሞበታል።»