ዋርዳ የገዛችው ዳሚን

ዋርዳ ጅግጅጋ ውስጥ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትሰፋለች። ችግሯ ፍጥነት ነበር። ትእዛዝ ይመጣል፣ በእግር የምትነዳት አንድ የስፌት መኪና አታደርስም፣ ደንበኛው ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል። ስለዚህ በ2015 ዓ.ም. ሁለት የኤሌክትሪክ ስፌት መኪናዎች ለመግዛት ወደ አንድ አበዳሪ ተቋም ሄደች።

ቅጹ የተጻፈው በአማርኛ ነው። ዋርዳ አማርኛ ትናገራለች፤ ማንበብ ግን አትችልም። ሠራተኛው ራጉኤል እያነበበላት ሲሞላ «የብድር ሕይወት ዋስትና» የሚል መስመር ላይ ደረሰ።

«ዋስ አምጥቻለሁ እኮ! ወንድሜ ፈርሟል» አለችው።

«ይሄ ሌላ ነው፣ አባዮ» አላት፤ በከተማው ልማድ እህቴ ማለቱ ነው። «ዳሚን በይው። አንቺ መክፈል ሲያቅትሽ እሱ ይከፍላል።»

በዚህች ቃል ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ዳሚን በሶማሊኛ ዋስ ነው፤ በሰው ፊት ቃሉን የሚሰጥ ሰው። ባለዕዳው ታመመም፣ ከሰረም፣ ዳሚኑ ይከፍላል። ዋርዳም እንዲህ ያለ ዋስ የገዛች መሰላት። ዋጋው ከብድሩ ላይ በአንድ ጊዜ ሲቆረጥ ቅር አላላትም።

በዓመቱ ከደገሀቡር ስትመለስ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ተገለበጠ፤ የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። መስፋት ቆመ። ዋስ ሆኖ የፈረመላት ወንድሟም የሚከፍለው አልነበረውም። የሁለት ወር ክፍያ ተጠራቀመ፤ ሦስተኛው ካለፈ የስፌት መኪናዎቹ እንደሚወሰዱ ደብዳቤ ደረሳት። እጇ በጀሶ እንደታሰረ ራጉኤል ፊት ቆመች።

«ዳሚኔን ጥራልኝ።»

«ሞተሻል እንዴ?» አላት እየሳቀ። «የሚከፍለው ለሞትና ለዘላቂ የአካል ጉዳት ነው። ያንቺ እጅ ይድናል።»

«እንዳይድን ዱዓ ላድርግ?»

«ድምፅሽን ቀንሺ፣ አባዮ።»

«አባዮ አትበለኝ! ዳሚን ሞተሻል ወይ ብሎ አይጠይቅም!» ወረፋ የያዘው ሁሉ ዞሮ አየ።

በማግስቱ የዋስትናውን ውል ለጎረቤቷ ለመምህርት ፊርደውስ ሰጠቻት። እንዲህ ያለ ውል ረጋ ተብሎ ሲነበብ ድንቅ ነገር ነው፤ እያንዳንዱ መስመር የአንድ ጥያቄ መልስ ነው። የሚያሳዝነው ጥያቄዎቹ ከፊርማ በኋላ መምጣታቸው ነው። ገንዘቡ ለማን ይከፈላል? ለአበዳሪው እንጂ ለልጆቿ አይደለም። ግዴታ ነው? «በተበዳሪው ፈቃድ» ይላል፤ ፈቃዷን የጠየቃት ግን የለም። ውሉ ቢቋረጥስ? የቀሪው ጊዜ ዋጋ ይመለሳል። ሞቶ ዕዳ ለልጆቹ ማውረስ ለሚፈራ ሰው እንዲህ ያለ መድን ከንቱ አይደለም። ዋርዳ የፈራችው ግን ሥራ መፍታትን ነበር፤ ለዚያ አንድም መስመር አልተጻፈም።

ፊርደውስ ሁለተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ቀና አለች።

«ስኳር አለብሽ አይደል?»

«ስድስት ዓመቴ። ገበያው ሁሉ ያውቃል።»

«እዚህ ‹ነባር ሕመም የለም› ተብሎ ተሞልቷል። ያልተነገረ ሕመም ከተገኘ አይከፈልም ይላል።»

«ማን ጠየቀኝና ነው የምነግረው?» ዋርዳ ከመቀመጫዋ ተነሣች። «ታዲያ ብሞትም አይከፍሉም?»

«ላይከፍሉ ይችላሉ።»

«በቁሜም በሞቴም ሊበሉኝ!»

ዋርዳ አሁን የምትሞክረው አንድ ነገር ነው፦ መድኑ ተቋርጦ፣ የሚመለሰው ገንዘብ ተሰልቶ፣ ላልከፈለቻቸው ወራት እንዲታሰብላት። ማመልከቻውን ፊርደውስ ጻፈችው፤ ዋርዳ ወደ ሶማሊኛ እያስተረጎመች ሦስት ጊዜ አስነብባ ፈረመች። የተቋሙ ሥራ አስኪያጅ ሁለቴ «ነገ ነይ» ብሏታል። ሦስተኛው ወር ሊሞላ አራት ቀን ቀርቶታል። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ዘበኛው መጥቶ «የምሳ ሰዓት ነው፣ ተነሺ» ቢላት፣ ማመልከቻውን በግራ እጇ ጨብጣ፣ «ሂድ ብላ፤ እኔ አልራበኝም» አለችው።