ልጄ አባቷን ያለቀሰችበት ቅዳሜ

በዚያ ቅዳሜ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። ልጄ፤ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ከጊምቢቹ የመጣችው ወጣት የስፖርት አስተማሪ፤ ሁላችንም ቲቸር ነው የምንላት። ከልጄ ጋር እንቅስቃሴ የሚሠሩ ስድስት ልጃገረዶች። ቢጫ ጀሪካን እንደ ከበሮ የሚመቱልን የትምህርት ቤቱ ዘበኛ። ሳይነግሩን ከሞርሲቶ የመጡት የባለቤቴ ታላቅ እህት። እና እኔ፣ ውሃና ሹራብ በፌስታል ይዤ በሩ አጠገብ። ባለቤቴ ከሞተ ሰባት ወር ሆኖት ነበር።

ባለቤቴ የሞተ ቀን ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ድንኳኑ ተተክሎ ነው የደረሰችው። ገና ከአጥሩ በር ጩኸቷን ስትለቀው እትዬ፣ ማለት የባለቤቴ እህት፣ እቅፍ አድርገው አፏን በነጠላቸው ያዙት። "ዝም በይ ልጄ። አባትሽ ጌታ ዘንድ ነው። አማኝ እንዲህ አይጮህም" አሏት። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ልማድ ነው። በድሮው የሀዲያ ለቅሶ ሰው ሜዳ ላይ ክብ ሠርቶ እየሮጠና ደረቱን እየመታ ነበር ሟቹን የሚሸኘው። ወላጆቻችን ጌታን ሲቀበሉ ያንን ተዉት። እኛ ተቀምጠን እንዘምራለን። ስለዚህ እትዬ ዝም ሲያሰኟት እኔም ደግ አደረጉ ብዬ ነበር። ልጄም ዝም አለች።

ከዚያ በኋላ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። "እማዬ፣ አየሩ እዚህ ጋ ይቆማል" እያለች ጉሮሮዋን ታሳየኛለች። አንገቷ ደረቀ፣ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጣ። ሦስት ጊዜ ሆስፒታል ወሰድኳት። ልቧን አዳመጡ፣ ደረቷን ራጅ አነሱ። "ምንም የለባትም" ሲሉኝ ደስ ሊለኝ ሲገባ ይበልጥ ፈራሁ፤ በሽታው ቢታወቅ መድኃኒቱም ይታወቅ ነበር። ትምህርቷን አቋረጠች። እኔም ትንፋሿን ለመስማት አጠገቧ መተኛት ጀመርኩ።

ስለ ቲቸር የነገረችኝ አንዲት ነርስ ናት። ቅዳሜ ከሰዓት ሐዘን የደረሰባቸውን ልጃገረዶች ሰብስባ ሰውነታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ታደርጋለች አለችኝ።

"ዳንስ ነው?" አልኳት።

"እንደዚያ ሊባል ይችላል።"

"እኛ እኮ ጴንጤ ነን።"

"እኔም ነኝ" አለችና ወደ ሥራዋ ዞረች።

ወሰድኳት። ቲቸርን መጀመሪያ የጠየቅኳት ዘፈን እንዳለው ነው። "ጀሪካን ብቻ ነው፣ እማ። ከከበደዎት ለጆሮዎ ጥጥ ላምጣልዎ" አለችኝ። ልጄ በመጀመሪያው ቅዳሜ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ቲቸር አልጎተተቻትም። ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ክብደቷን ብቻ እንድታዛውር ነገረቻት። በአራተኛው ቅዳሜ ከግድግዳው ለቀቀች። ትንፋሿ ግን እንደነበረ ነው። ከዚህ ሌላ የምወስዳት ቦታ አልነበረኝም።

ለሰው ግን ፊዚዮቴራፒ ነው እያልኩ ነበር። ቃሉን ሆስፒታል ነው የሰማሁት። እትዬ በስልክ ሲጠይቁኝም "ጡንቻ የሚያፍታታ ሕክምና ነው" አልኳቸው። ለዓመታት ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው እያወቅኩ ነው እንዲህ ያልኩት።

በዚያ ቅዳሜ እትዬ መናኸሪያ ወርደው በባጃጅ ቤት ድረስ ሄደው፣ ከጎረቤት ጠይቀው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው አዳራሹ በር ላይ ከች አሉ።

"ሐኪሟ የታለች? ወረፋው ከማን ቀጥሎ ነው?"

ቲቸር እኔን አየችኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

"ይቀመጡ እትዬ። ከእርስዎ በፊት ሰባት ልጆች አሉ" አለቻቸው። ልጃገረዶቹ አፋቸውን ይዘው ሳቁ።

እትዬ ወንበር ላይ ተቀምጠው ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ጠበቁ። ዘበኛው ጀሪካኑን መምታት ጀመሩ። ቲቸር ልጃገረዶቹን ክብ አሠርታ መጀመሪያ በእርምጃ፣ ከዚያ በሩጫ እንዲዞሩ አደረገች። እግራቸውን ከሲሚንቶው ጋር እያጋጩ እጃቸውን ወደ ላይ ይወረውራሉ። ልጄ ከሁሉም ኋላ ናት። እትዬ ቀሚሳቸውን መለሱና ተነሱ።

"ይሄ ሕክምና አይደለም" አሉኝ።

"አዎ እትዬ። ዋሽቼዎታለሁ" አልኩ። ልጄን እጇን ይዘው የሚያወጧት መስሎኝ በሩን ይዤ ቆምኩ።

"ይሄ ለቅሶ ነው። እናቴ አባቷን ስትሸኝ እንዲህ ነበር የሮጠችው። ልጅ ሆኜ አይቻለሁ።" ወደ ቲቸር ዞሩ። "እጃቸው ግን ልክ አይደለም። ምን ያወናጭፋሉ? እጅ ወደ ደረት ነው።"

"ያሳዩን እንግዲህ" አለች ቲቸር።

እትዬ ምርኩዛቸውን ለእኔ ሰጥተው ክቡ ውስጥ ገቡ። እያነከሱ ነው የሚሮጡት። ደረታቸውን እየመቱ በሀዲይኛ "ወንድሜ፣ ወንድሜ" እያሉ ይጣራሉ። ሰባት ወር ሙሉ እሳቸውም ሲያለቅሱ አላየኋቸውም ነበር። ልጄ አንድ ዙር ቆማ አየቻቸው። በሁለተኛው ከጎናቸው ገባች፣ እጇን ወደ ደረቷ መለሰች። በሦስተኛው ድምፅ ከአፏ ወጣ። ከአጥሩ በር የተቋረጠው ጩኸት ነው። ሹራቡን ይዤ ልሮጥ ስል ዘበኛው በአንድ እጃቸው ጀሪካኑን እየመቱ በሌላው ያዙኝ። "ይተዉአት፣ ትጨርስ" አሉ።

ሲያበቃ ሁለቱም መሬት ላይ ነበሩ። እትዬ የልጄን ፊት በእጃቸው እየጠረጉ "እኔ ነኝ አፍሽን የያዝኩት" አሏት።

"አክስቴ፣ ያን ቀን ነጠላዎ ሳሙና ሳሙና ይሸት ነበር" አለች ልጄ። አልቅሰው ሳይጨርሱ ሁለቱም ሳቁ።

ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ አዛጋች። እስከ ሆዷ የወረደ ማዛጋት ነበር። እኔ ቁጭ ብዬ ትንፋሿን ቆጠርኩ፤ የትም ሳይቆም ይገባል፣ ይወጣል። ቤት ገብታ በላችና ተኛች። እኔም ከታመመች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ አልጋ ተኛሁ።

ሁሉም ነገር ግን አላለቀም። ፈተና ሲደርስ ጉሮሮዋን ያዝ ያደርጋታል። ያኔ ጓሮ ወጥታ እግሯን እየመታች ትዞራለች፣ እኔም አልከለክላትም። ወደ ትምህርቷ ተመልሳለች። የእትዬ ጉልበት ሳምንት ሙሉ አበጠ፤ "ፊዚዮቴራፒሽ ጨረሰኝ" ይሉኛል እስካሁን። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ነገሩን ሰምተው ሲጠይቁኝ ግን የመለሱላቸው እሳቸው ናቸው። "እኔም ነበርኩበት" አሏቸው። ከዚያ በኋላ የጠየቀ የለም።

አንድ ነገር ይቆጨኛል። በዚያ ቀን ልጄን አቅፌ ስወጣ ቲቸር ጀርባዋን ሰጥታን ግድግዳው ጋ ቆማ ፊቷን ስትጠርግ አይቻታለሁ። ማንን እንደምታለቅስ አልጠየቅኳትም። እንኳን ይህን ልጠይቃት፣ በወጉ እንኳ አላመሰገንኳትም። ክረምቱ ሲወጣ ተዛውራለች አሉኝ። አንዱ ዱራሜ ይላል፣ ሌላው አንጋጫ። የነበረኝ ስልኳ አይሠራም። የት እንዳለች የምታውቁ ካላችሁ፣ ደህና መሆኗን እባካችሁ አሰሙኝ።