አያቴን «እሱ» ያልኩበት ቀን

እኔ ስህተት ፈላጊ ነኝ። ይህን የምለው ጉራ ልነዛ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ነው። የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ስጡኝ፤ ባለቤቱና ግሱ ካልተስማሙ አንብቤ ሳልጨርሰው ጆሮዬን ይኮሰኩሰኛል። ባለቤቱ አንድ ከሆነ ግሱ ጫፍ ላይ «ኤስ» ትለጠፋለች፤ ብዙ ከሆኑ ትነሳለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

ወጣቱ የእንግሊዝኛ መምህራችን ለትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ አንባቢ እንደሚፈልግ ነግሮን የስህተት ፍለጋ ፈተና ሲሰጠን፣ ማይኩን በእጄ የያዝኩት ያህል ተሰማኝ። በእረፍት ሰዓት ድምፄ ለግቢው ሁሉ ሲሰማ! መካነ ሰላም ውስጥ ከዚያ የበለጠ የምመኘው ነገር አልነበረም።

ወረቀቴ ሲመለስ ግን ቀይ መስመር አየሁበት። ክው አልኩ። «ማይ ግራንድፋዘር ሊቭስ ኢን ከላላ» የምትለዋ የፈተናው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ትክክል የነበረችውን ኤሷን ሰርዤ ያበላሸኋት እኔ ነኝ!

«ይቺን ማን አርሚ አለሽ?» አለኝ መምህሬ።

«ቲቸር፣ አያት እኮ ናቸው! ይኖራሉ እንጂ ይኖራል ይባላል?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላዬ የምትቀመጠው ጓደኛዬ «አንቱታውን ለንደን ድረስ ላኪላቸው!» አለች።

«በእንግሊዝኛ እሳቸውም አንድ ሰው ናቸው» አለ መምህሬ። «ፍየሏ ቅጠል ስትበላም ኤስ፣ አያትሽ ምሳ ሲበሉም ኤስ።»

ያ ረቢ! አያቴና ፍየል?

«ነገ ስለ አያትሽ አንድ አንቀጽ ጽፈሽ ነይ። ካልተሳሳትሽ አንባቢዋ አንቺ ነሽ። ከተሳሳትሽ ለሌላ እሰጠዋለሁ።»

አያቴ እኮ እንዲሁ አያት አይደሉም። በሰፈራችን ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። እኩዮቻቸው እንኳ አንቱ ነው የሚሏቸው። እናቴ ልጃቸው ሆና «አባቴ መጣ» ስትል ሰምቼ አላውቅም።

ቤት ገብቼ እስክሪብቶዬን ጨበጥኩ። እጄ እምቢ አለ። እናቴ ሽንኩርት እየላጠች «ምን አፍጥጠሽ ቀረሽ?» ስትለኝ ነገርኳት።

«ዝም ብለሽ ጻፊው! እንግሊዝኛ አይሰሙ፣ በምን ያውቃሉ?»

ይሄ ደግሞ የባሰ አስደነገጠኝ። ፊት ለፊታቸው አንቱ ብዬ ከጀርባቸው እሱ ልል? በእንግሊዝኛ ሲሆን ሐሜት አይደለም ያለው ማነው?

ወጣሁ። አያቴ ከመስጊድ ተመልሰው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ አፉ ይበሉኝ፤ ሰው ልሰድብ ነው።»

«ማንን?»

«እርስዎን። በእንግሊዝኛ።»

መቁጠሪያቸው እጃቸው ላይ ቆመ። ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው፤ ፍየሏን ጭምር።

«ከፍየሏ ጋር?» ዓይናቸው ፈጠጠ። «ሱብሃነላህ! ቆይ፣ ንጉሣቸውንስ እንዴት ነው የሚሉት?»

ይህን ለካ አስቤው አላውቅም። ዘ ኪንግ... በሆዴ ሞከርኩት።

«እሱንም እንደዚያው ነው፣ አባባ።»

«ንጉሡን?!»

«ወላሂ!»

ከእኔ ብሰው ደነገጡ። አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ቆይቶ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ለካስ እየሳቁ ነው።

«እና ንጉሣቸውን ያላከበሩ ሰዎች የመካነ ሰላምን ሽማግሌ አላከበሩም ብዬ ልጣላቸው? አብሽሪ፣ ጻፊው። ብቻ አማርኛሽ እንዳይለምድ!»

እዚያው አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። አንድ ዓረፍተ ነገር በጨረስኩ ቁጥር «አሁንስ ሰደብሽኝ?» ይሉኛል፤ «አዎ፣ አባባ» እላለሁ።

በማግስቱ መምህሬ ሁለት ጊዜ አንብቦ ቀይ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። ማይኩ የኔ ሆነ! ያንኑ ቀን በእረፍት ሰዓት አንቀጼን አነበብኩ። አንዷም ኤስ እንዳትጠፋብኝ ፈርቼ እያንዳንዷን «ስስስ» እያልኩ ሳብ አድርጌ ስጎትታት፣ ሜዳው ላይ ያሉት ልጆች «እባብ! እባብ!» እያሉ ሲሯሯጡ በመስኮቱ አየኋቸው። አላቆምኩም።