የሙኒራ ጥራዝ

ባለፈው ግንቦት አንድ ወጣት መምህር ወልቂጤ ወዳለችው የጽሕፈት አገልግሎት ቤቴ እየተቆጣ ገባ። ከሦስት ቀን በፊት ያስጠረዘውን የጥናት ጽሑፍ ባንኮኒው ላይ ዘረገፈው። ሽፋኑ ለብቻው፣ ወረቀቶቹ ለብቻቸው። «ይሄ ነው ጥረዛ? ሰው ፊት አዋረድሽኝ እኮ!» አለኝ። የት አስቀምጦት እንደነበር ጠየቅኩት። መኪና ውስጥ፣ ከፊት መስታወቱ ሥር፣ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ላይ ውሏል።

«ሙጫው በሙቀት ነው የሚይዘው፤ ሙቀት ሲያገኘው ደግሞ መልሶ ይለቃል» አልኩት። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ስትወስደው መንገር ነበረብኝ።»

እንዲህ በቀላሉ ጥፋቴን አምናለሁ ብሎ አልጠበቀም መሰለኝ፣ ቁጣው በረደ። ደግሜ ጠረዝኩለትና አመስግኖኝ ሄደ። እኔ ግን የዚያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራሁም። ያቺን ንግግር መናገር የነበረብኝ ከሃያ ዓመት በፊት ነበር፤ መስማት የነበረባቸውም ሌሎች ሰዎች ነበሩ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው። ቡታጅራ ውስጥ፣ ዋናው መንገድ ዳር፣ ጋሽ ደግፌ የሚባሉ ሰው ዘንድ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ የምታስነጥስ ፎቶ ኮፒ፣ አንድ ደግሞ ጋሽ ደግፌ ከመርካቶ ገዝተው ያመጧት በሙቀት የምትጠርዝ ማሽን ነበረችን። ከጫማ ካርቶን አትበልጥም። ጋሽ ደግፌ ግን ማታ ማታ በጨርቅ ይሸፍኗት ነበር። በከተማው የመጀመሪያዋ ናት ብለው ለመጣ ለሄደው ያወራሉ፤ እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም።

አጠቃቀሙን እንድማር ሁለት ቀን አዲስ አበባ ላኩኝ። ሻጩ ለፍላፊ ሰውዬ ነበር፤ ግን ሥራውን ያውቃል። ሽፋን መምረጥ ጫማ እንደመምረጥ ነው አለኝ። መጀመሪያ ወረቀቱን ትቆጥሪያለሽ፤ ለሰላሳ ገጽ ቀጭን ጀርባ፣ ለመቶ ወፍራም። ጀርባው ከሰፋ ወረቀቱ ውስጡ ይዋኛል፤ ከጠበበም ዳርና ዳር ያሉት ገጾች ሙጫው አይደርሳቸውም። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ከመጣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጊው፣ አለበለዚያ ሙጫ አይቀበልም። ከማሽኑ ስታወጪው በጀርባው አቁመሽ እስኪቀዘቅዝ ጠብቂ፣ አትቸኩይ። በመጨረሻም፦ «ለደንበኛ ንገሪ። ከሙቀት ያርቀው።» ይህንን ሁሉ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። አልሰማሁም ለማለት እንኳን አልችልም።

ኅዳር ነበር። ኅዳር በእኛ አካባቢ የበርበሬ ወር ነው። ቆሼ ከምትባለው ትንሽ ከተማ በኩል የሚመጣው በርበሬ የሞላበት ጆንያ መንገድ ዳር ይቆለላል፤ ጣሪያው ሁሉ ቀይ ለብሶ ከተማው በሙሉ ሲያስነጥስ ይውላል። በዚያ ሰሞን አንድ ጠዋት ጋሽ ረሺድ የሚባሉ በርበሬ ገበሬ ልጃቸውን ሙኒራን ይዘው ወደ ሱቃችን መጡ። ሱቁ ሦስት ደረጃ አለው። ሙኒራ እያንዳንዱ ደረጃ ላይ ቆማ እያረፈች ነው የወጣችው። አስራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከንፈሯ ሰማያዊ ብሎ ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም» አሉ አባቷ። ከብብታቸው በፌስታል የተጠቀለለ የወረቀት ክምር አወጡ። የልጅቷ የልብ በር ተበላሽቷል። ከውጭ አገር ሐኪሞች አዲስ አበባ መጥተው ለጥቂት ሳምንታት በነጻ ቀዶ ሕክምና ሊያደርጉ ነው። የታማሚው ማስረጃ በሙሉ በአንድ ላይ ተጠርዞ እስከ ነገ መግባት አለበት፤ ከዚያ ወዲያ አይቀበሉም። ከወረቀቶቹ መካከል ዋናው የልቧ አልትራሳውንድ ነበር፤ የሚያብረቀርቅ አንድ ገጽ።

«በክር አትሰፊውም፣ ልጄ?» አሉኝ ጋሽ ረሺድ። «ፍርድ ቤት በክር ነው የሚሰፋው። በአባቴ ጊዜ የተሰፋ ወረቀት እስከዛሬ ቤቴ አለ።»

«አባባ፣ ክር ቀረ እኮ። ይሄ ፕሮፌሽናል ነው። ዶክተሮቹ ገና ሲያዩት ያከብሩታል» አልኳቸው።

ፕሮፌሽናል የምትለዋን ቃል ከለመድኳት ወር አይሞላኝም ነበር። በየቀኑ አንድ ሰው ላይ ካልሞከርኳት ደስ አይለኝም። ጋሽ ረሺድ ቃሉን ባያውቁትም ዶክተሮቹ ያከብሩታል የሚለው ገባቸው መሰለኝ፣ ክምሩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡልኝ።

ሙኒራ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትንፋሿን ከሰበሰበች በኋላ «ሽፋኑን እኔ ልምረጥ» አለች። ያለውን ሁሉ አወጣሁላት።

«ጥቁሩ የመዝገብ ቤት ነው፣ ይቅር። ቀዩንስ በቃኝ፤ በርበሬ ስለቅም ነው ያደግኩት። አረንጓዴውን አድርጊልኝ። መልኬን ባያዩ ቀለሙን ያዩልኛል።»

ሳቅን። እሷ ስትስቅ ትንፋሽ ስለሚያጥራት አፏን በሻሿ ይዛ ነበር የምትስቀው። እኔ ወረቀት ስቆጥር አብራኝ ስትቆጥር አንድ ጊዜ ተሳሳትኩና አረመችኝ። ስድሳ ሁለት ገጽ። ለስድሳ ሁለት ገጽ የሚሆነውን ጀርባ መረጥኩ፣ የአልትራሳውንዱን ጠርዝ ፈገፈግኩ፣ ሁሉንም አስተካክዬ ማሽኑ ውስጥ አቆምኩት፤ ከወጣም በኋላ ሩብ ሰዓት ሙሉ አቁሜ አቀዘቀዝኩት። ሥራው እንከን አልነበረበትም። ይህንን የምለው ራሴን ላመሰግን አይደለም፤ በኋላ ያደረግኩትን ያደረግኩት በዚሁ በመተማመኔ ስለሆነ ነው።

ጥራዙን አዲስ አበባ የሚያደርሰው የጋሽ ረሺድ ታናሽ ወንድም ሸምሱ ነበር። ሸምሱ የቅጥቅጥ ሾፌር ነው፤ በየቀኑ ይመላለሳል። የእነዚያ አውቶቡሶች ሞተር ከሾፌሩ ጎን ጉብ ብሎ የወጣ ነው፣ ምንጣፍ ይለብሳል። ሰው ለሾፌር አደራ ሲሰጥ፣ ደብዳቤም ይሁን የሙሽራ ልብስ ወይም የታማሚ መድኃኒት፣ የሚቀመጠው እዚያ ላይ ነው። ከኋላ የገባ ዕቃ ሊረገጥ ሊሰረቅ ይችላል፤ ሞተሩ ላይ ያለውን ግን ማንም አይነካውም። የክብር ቦታ ነው።

ሸምሱ ጥራዙን በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ወደ ወንድሙ ዞሮ «ሐሳብ አይግባህ፣ ሞተሩ ላይ ነው የማደርገው። ከዓይኔ አይጠፋም» አለ።

ሰምቼዋለሁ። የሻጩ ንግግርም ትዝ ብሎኝ ነበር። ግን ሦስት ደንበኛ ቆሟል፣ ጋሽ ደግፌ «መሲ!» እያሉ ይጠሩኛል፤ ምንጣፍ አለው፣ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው፣ ምን ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። ሙኒራ ከበሩ ላይ እጇን አወዛወዘችልኝ።

የሆነው ይህ ነው። ሸምሱ በርበሬም ሰውም ጭኖ፣ ሞተሩ እየጮኸ አቀበቱን ወጣ። ሆስፒታል ደርሶ ጥራዙን ለተቀባዩ ሲሰጥ ወረቀቶቹ ከሽፋኑ ወጥተው እግራቸው ሥር ፈሰሱ። ለቅመው ሲቆጥሩት ስድሳ አንድ። የጎደለው የሚያብረቀርቀው ገጽ ነበር። ሸምሱ ወደ መናኸሪያ ሮጦ አውቶቡሱን ከወንበር እስከ ጣሪያ በረበረው። የወረደው ሰው ብዙ ነው፣ በሩ ደግሞ መንገዱን ሙሉ ሲከፈት ሲዘጋ ውሏል። አላገኘውም። አልትራሳውንዱን እንደገና ለማስነሳት ወረፋው ሦስት ሳምንት ፈጀ። በዚያ መሃል ሐኪሞቹ የሚያክሙትን መርጠው ጨረሱ። ሙኒራ «በሚቀጥለው ዙር» ተባለች። የሚቀጥለው ዙር ከዓመት በኋላ ነው።

ሐምሌ ላይ ሞተች።

ለቅሶ ሄጃለሁ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር። ሸምሱን ከድንኳኑ ውጭ፣ ዝናብ ላይ ቆሞ አየሁት። ግባ የሚለው ሰው አልነበረም። ያኔም ቢሆን ሙጫውን ያላቀቀው የሞተሩ ሙቀት መሆኑ ገብቶኛል፤ ከሸምሱ ሌላ ይህ የገባው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ቀብሩ ይለፍ፣ ሐዘኑ ይብረድ፣ ከዚያ እናገራለሁ እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

በነሐሴ፣ በገበያ ቀን፣ ጋሽ ረሺድ ከሁለት የመንደራቸው ሽማግሌዎች ጋር ወደ ሱቁ መጡ። በእነሱ ዘንድ አደራ የበላ ሰው ጉዳይ በሽማግሌ ይታያል፤ ሸምሱም ተከስሶ ሽማግሌዎቹ ፊት ቀርቦ ነበር። ጋሽ ረሺድ በአንድ ክረምት አርጅተዋል። ሦስቱንም ደረጃ ግድግዳ ይዘው ነው የወጡት።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልንጠይቅሽ ነው» አሉኝ። «ሸምሱ፣ ወላሂ አልነካሁትም፣ ሞተሩ አግሎት በራሱ ተፈታ ይላል። እኛ ደግሞ ለተሳፋሪ አሳየው፣ ገለበጠው፣ ጣለው ነው የምንለው። የምታውቂው አንቺ ነሽ። ይሄ ነገር ሰው ሳይነካው ይፈታል?»

ከኋላዬ ጋሽ ደግፌ ይጽፉ የነበረውን አቆሙ። ለብዙ ዓመት ጥፋቱን ለእሳቸው ሳካፍል ኖሬያለሁ፤ ፊታቸው አስፈራኝ፣ ከሥራ ያባርሩኝ ነበር እያልኩ። እውነቱን ለመናገር ግን አንዲት ቃል አልተነፈሱም። እኔ ነኝ ማሽኗን ያየሁት፣ የደንበኞቹን ሰልፍ ያየሁት። ልጅቷን የገደለቻት መሲ ናት የሚለውን ወሬ ደግሞ ገና ሳይወራ ሰማሁት።

«አይፈታም» አልኩ።

«አላህ ይስጥልኝ፣ ልጄ» አሉኝ ጋሽ ረሺድ። እውነቱን ስለነገርኳቸው አመሰገኑኝ።

ሽማግሌዎቹ በሸምሱ ላይ ፈረዱ። ከወንድሙ ደጅ እንዳይደርስ፣ በሐዘንም በደስታም አብሮ እንዳይቀመጥ። መኪናውን የሰጡት ሰውዬም ቁልፉን ተቀበሉት፤ አደራ የበላ ሾፌር ማን ይሳፈርለታል? ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ወደ ቆሼ ወረደ ሲሉ ሰማሁ። እኔም ዓመት ሳይሞላኝ ወልቂጤ ገባሁ። ለሰው ስናገር የወልቂጤ ገበያ ይሻላል እል ነበር።

እንግዲህ ባለፈው ግንቦት፣ ያ መምህር በሄደ በሳምንቱ፣ ደጋውን አቋርጣ በምትወርድ ሚኒባስ ቡታጅራ ወረድኩ። ጋሽ ረሺድ በሕይወት አሉ። ዓይናቸው ደክሟል፣ በድምፄ አላወቁኝም። ስሜን ስነግራቸው ተነሥተው ሊቀበሉኝ ሞከሩ፤ እንዲቀመጡ ለመንኳቸው። ከዚያ ሳላሳምር ነገርኳቸው። በሙቀት ይፈታል፣ አውቅ ነበር፣ ዋሽቻችኋለሁ አልኩ።

እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ።

«ሸምሱ ሦስት ዓመቱ ከሞተ» አሉ። «አልቀበርኩትም። ሬሳውን አምጥተው በደጄ ሲያልፉ በሬን ዘግቼ ተቀመጥኩ።» ከዚያ ምርኩዛቸውን በእጃቸው ፈለጉ። «ተነሺ። ለእኔ የነገርሽኝን ቤቱ ሄደሽ ትነግሪያለሽ።»

ዕለቱን ቆሼ ሄድን። ሚኒባሷ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ስንደርስ ረዳቱ ሲያወርደን «አባትሽን ደግፊያቸው» አለኝ፤ ደገፍኳቸው፣ ክንዳቸውን አልነጠቁኝም።

የሸምሱ ሚስት ደጃፍ ላይ በርበሬ ትቀነጥስ ነበር። የባሏን ወንድም ስታይ በድንጋጤ ቆመች፤ በዚያ ደጅ ቆመው አያውቁም። ወደ ቤት አስገባችን። ተናገርኩ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይቀላል ብዬ ነበር፣ አልቀለለም። ስጨርስ ታለቅሳለች ወይም ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እጇ በርበሬ ስለሆነ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች።

«ሊሞት ሲል እንኳን ይህንኑ ነው ያለኝ» አለች። «ሞተሩ ነው፣ አልነካሁትም አለኝ። እሺ አልኩት። አላመንኩትም ነበር። አስራ ምናምን ዓመት አብሬው ተኝቼ፣ አንድ ቀን አላመንኩትም።»

ጋሽ ረሺድ አንገታቸውን ደፉ። እሷ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ብንጠብቃትም አልተመለሰችም።

ሰው እውነቱን ሲናገር ይቀለዋል ይባላል። እኔን አልቀለለኝም፤ እንዲቀልለኝም የሚገባ አይመስለኝም። ከዚያ ወዲህ ማታ ሱቅ ዘግቼ ስቀመጥ የማስበው ስለ ሙኒራ እምብዛም አይደለም። እሷን ቢያክሟት እንኳን ትድን እንደነበር የሚያውቅ የለም። የማስበው ሸምሱን ነው፤ በገዛ ቤቱ፣ ከገዛ ሚስቱ ጎን ተኝቶ፣ እውነት ተናግሮ የሚያምነው አጥቶ ያሳለፋቸውን ሌሊቶች።